መቀሱና ያልጨረስነው ወሬ

"አንተ ኤሩዌራ!" አለ ዓሣ አጥማጁ ታማሆ፣ በትሩን ወለሉ ላይ ደቅ አድርጎ። "የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በሬዲዮ ስለ ዓሣ ኮታ ስንከራከር፣ 'የኮሚቴው ሊቀ መንበር እኮ አንድ...' ብዬ ሳልጨርስ ቆረጥከኝ። አንተ ረስተኸዋል፤ እኔ ግን ጀልባ ላይ ብቻዬን ስሆን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ስማኝ! መቼም ከዚያ የሬሳ ሳጥን ተነሥተህ አትቆርጠኝም። ሊቀ መንበሩ አንድ እርጥብ ከረጢት ነበር! ይኸው ጨረስኩ። በል በደህና ሂድ፣ ወንድሜ።"

ታማሆ እንባውን በክንዱ ጠረገና ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ከንግግሩ በኋላ መዝፈን የነበረባት ሚስቱ ደግሞ ሳቋ ቀደማትና ዜማው ከአንድ ስንኝ አላለፈም።

ከሳጥኑ ጎን ፍራሽ ላይ የተቀመጡት አክስት ኩዊኒ ወደ ሟቹ ሚስት፣ ወደ ፓሬሁያ ጆሮ ጠጋ አሉ።

"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለዚህች ነው?" አሉ በሹክሹክታ። "እኔ እኮ ምን ሊል ነበር ይሆን እያልኩ ስንት ቀን አስቤያለሁ። እርጥብ ከረጢት! ኤሩዌራ የቆረጠው ለራሱ ለታማሆ ክብር ብሎ ነው።"

ፓሬሁያ ጥቁር ለብሳ፣ የቅጠል አክሊል ግንባሯ ላይ አስራ፣ የባሏን ፊት ታያለች። ሌላው አገር "ሙት ወቃሽ አያርገኝ" ይባል ይሆናል። እኛ የዋይፓታ መንደር ሰዎች ግን ሙቱን ሦስት ቀን በአያቶቻችን ቤት፣ በፎቶግራፎቻቸው መሃል አስተኝተን፣ ብንወቅሰውም ብናሞግሰውም ፊት ለፊት ነው የምንነግረው። የማይናገረው የሟች ቤተሰብ ብቻ ነው። ቤተሰብ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሰማል። ፓሬሁያም ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣ ትሰማለች። አላለቀሰችም ግን፤ ይህ ደግሞ ለመንደሩ ሌላ ወሬ ሆኗል።

ያላለቀሰችው ስለተናደደች ነው። እሷም እንደ ታማሆ የተቆረጠች ዓረፍተ ነገር ነበረቻት።

ኤሩዌራ የፖስታ ቤት ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት የማለዳውን የስልክ ውይይት ጠባቂ ሆኖ በሬዲዮ ጣቢያችን ሠርቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በእኛ ጣቢያ ግን ከአፍ የወጣ ነገር ሰባት ሰከንድ ይቆያል። ደዋዩ ተናግሮ ሰሚው ጆሮ እስኪደርስ ሰባት ሰከንድ አለ። በዚያች ሰባት ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰው ቢሳደብ፣ ሸቀጥ ቢያስተዋውቅ፣ ወይም ያልተረጋገጠ ክስ በስም ጠርቶ ቢያወጣ፣ ኤሩዌራ ቀይዋን ቁልፍ ይጫናል። ያኔ ሰው የሚሰማው ስድቡን ሳይሆን የወፍ ዜማ ነው። ጣቢያው ውስጥ ሌላ የተቀዳ ድምፅ ስላልነበረ አንዲት የጫካ ወፍ ነበረች የምትዘፍነው። ዋይፓታ ውስጥ "ወፏ በላችኝ" ያላለ አዋቂ ሰው የለም። ኤሩዌራን ደግሞ መቀሱ እንለው ነበር። አንዴ የራሱን ታላቅ ወንድም፣ አንዴ የከተማውን ከንቲባ ቆርጧል። ሰው አያይም፤ ደንብ ነው የሚያየው። ባልቴቶቹ የሚወዱትና ጎረምሶቹ የሚረግሙት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከታማሆ በኋላ ነገሩ ተላላፊ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ እንባውን እያፈሰሰ፣ ተቆርጦ የቀረበትን ነገር ለሙቱ ይጨርስለት ጀመር። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የጥርስ ሳሙና ስም አነሱና "ይህ ማስታወቂያ አይደለም፣ እውነት ነው!" ብለው ሳጥኑ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የአውቶቡስ ሹፌሩ የጨረሰው ነገር ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም። አክስት ኩዊኒ ሰምተው "ያቺን ወፍ ይባርካት" አሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ሜሬያና ካርቶን ተሸክማ ገባች። በወጋችን ሟች የሚወደው ዕቃ ከእግሩ ሥር ይቀመጣል፤ የአንዱ ካባ፣ የሌላው የራግቢ ማሊያ። ሜሬያና ያመጣችው ሃያ ሁለት ደብተር ነበር፣ ለየዓመቱ አንድ።

"ሌላ የሚወደው ነገር አላገኘሁም፣ አክስቴ" አለቻት ፓሬሁያን፣ እንደ ወጋችን አፍንጫዋን በአፍንጫዋ ነክታ ከተሳለመቻት በኋላ። "ሕጉ ማንን፣ መቼ፣ በየትኛው ደንብ እንደቆረጥን መዝግቡ ይላል። ሌላው ጣቢያ በወር አንድ ገጽ ይጽፋል። የኛ ሰውዬ ይኸው።"

ይህቺ ሴት በጎ አስባ ያደረገችው ነገር ለቅሶውን ገበያ አደረገው። ወሬው የመብል አዳራሹ ሲደርስ ድንች የሚልጡት ቢላቸውን፣ ሥጋ የሚቀቅሉት ማማሰያቸውን ጥለው፣ እጃቸውን ታጥበው መጡና ሰልፍ ያዙ። ሁሉም የራሱን መስመር ይፈልጋል።

"እኔ አራት ጊዜ! አራቱም ስድብ!" አለ አንዱ በኩራት።

"አንተ አራት ነው፤ ቄሱን አየሃቸው? ሁለት ጊዜ አሉበት።"

"ቄሱ? ምን ብለው?"

"ዳኛውን። ያን ፍጹም ቅጣት ምት የከለከለንን።"

"እሱንስ እግዜርም ቢሆን ይሰድበው ነበር።"

ቄሱ ጥግ ላይ ቆመው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አተኩረው ማንበብ ጀመሩ።

ፓሬሁያ አሥራ አንደኛውን ደብተር በዓይኗ ፈለገች። የእሷ መስመር እዚያ ውስጥ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ከደብተሮቹ መሃል አጣችው። አንዱ ገልጦ ጮክ ብሎ ሊያነበው ነው ብላ ስትደነግጥ፣ አክስት ኩዊኒ ሳይዞሩ፣

"አትፈልጊ" አሉ። "ካርቶኑ ከተከፈተ ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የከተማው ምክር ቤት፣ ለደኅንነት ነው ብሎ፣ ወንዙ ከባሕር ወደሚገናኝበት የሚወስደውን መንገድ በብረት በር ዘጋው። ያ መንገድ አያቶቻችን ዛጎል ሲለቅሙ ያወጡት መንገድ ነው። ወጣቱ አጥሩን ይዘላል፤ እንደ አክስት ኩዊኒ ያሉት ግን ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመው ይመለሱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ አልነበረም። በመጋዝ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ በሲባጎ ተጠቅልሎ ታስሮ፣ የምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ ተገኘ። የዚያን ዕለት ጠዋት የጣቢያው ስልክ ጋለ። ሰው ሁሉ ስም ሳይጠራ ስም ይጠራል፤ "ትልቅ መጋዝ ያለው"፣ "አፉ የማያርፍ"፣ "ከድልድዩ ማዶ የሚኖር" እያለ። የፓሬሁያን የአጎት ልጅ ዊሪሃናን ማለታቸው መሆኑ ለማንም አልተሰወረም።

ፓሬሁያ ግን ኩሽናዋ ውስጥ ሆና እውነቱን ታውቅ ነበር። ባሏ ንጋት ላይ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ እጅጌው በብረት ብናኝ አብረቅርቆ ነው የገባው። ያ የሲባጎ አስተሳሰር ደግሞ የፖስታ ቤት ጥቅል አስተሳሰር ነው። ሕጉን እንደ ጸሎት የሚደግመው ሰውዬ፣ በስድሳ ዓመቱ፣ ለባልቴቶች ዛጎል ብሎ መጋዝ አንሥቷል! በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታበት አታውቅም። የአጎቷ ልጅ ያለ ጥፋቱ መጠርጠሩም አልዋጥላት አለ። ስልኩን አነሳችና ደወለች።

"የወንዙን በር የቆረጠውን አውቀዋለሁ" አለች። "እሱም..."

ከሰባት ሰከንድ በኋላ ከገዛ ሬዲዮዋ የወፍ ዜማ ሰማች።

ኤሩዌራ ለምሳ ሲመጣ ኮቱን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ "ምሳ ምንድን ነው?" አለ።

"ወፍ" አለችው ባዶ ሳህን ፊቱ እያስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገሩም። እሱ የጣቢያን ነገር ቤት አያስገባም፤ እሷ ሆድ ይፍጀው አለች። አንድ ጥያቄ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ሲፈጃት ኖረ። የቆረጠኝ በደንቡ ነው ወይስ ፈርቶ? በደንቡ ከሆነ ያገባሁት ሰውዬ ነው፣ ይቅር እለዋለሁ። ራሱን ለማዳን ከሆነ ግን ያ ሁሉ ሰው፣ ከንቲባው፣ ታማሆ፣ መምህርቷ፣ በምን ሂሳብ ተቆረጠ? ሰኞ ጠዋት ሻይ ይዞ እንደተቀመጠ ልቡ ሲቆም፣ ጥያቄው እሷ ዘንድ ቀረ። ነገ የሳጥኑ ክዳን ሲዘጋ ለዘላለም ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሊበላ ወደ አዳራሹ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ሦስት ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱ ሴቶችና ሙቱ። አክስት ኩዊኒ ዳሌያቸውን አነሱና የሞቀውን ደብተር ሰጧት።

"አላነበቡትም?" አለች ፓሬሁያ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው እንጂ እንዴት አላነብም።"

መስመሩን አገኘችው። ጽሑፉ እንደ ቴምብር የተደረደረ ነው። ጮክ ብላ አነበበችው፤ አክስቷ ሌላ ቀን ሙሉ ስለሚጠይቋት መደበቁ ዋጋ የለውም።

"ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ። ደዋይ፦ ፓሬሁያ፣ ባለቤቴ። የተቆረጠው፦ 'የወንዙን በር የቆረጠውን አውቀዋለሁ፤ እሱም'። ደንብ፦ ዘጠኝ፣ ያልተረጋገጠ ክስ..." ድምፅዋ ቆመ። "ሰርዞታል። ደንብ ዘጠኝን በአንድ መስመር ሰርዞታል።"

"ከሥሩስ? ከሥሩ ምን ይላል?"

"'ውሸት ነው። ደንብ የለም። ፈርቼ ነው።'"

አክስት ኩዊኒ አፋቸውን ያዙ። ፓሬሁያ ደብተሩን ልትዘጋው ነበር። እንግዲህ መልሱ ይኸው፤ ፈርቶ ነው። ግን ገጹ አላለቀም ነበር።

"'ጥፋቱ የእኔ ነው። በአየር ላይ የተቆረጠ በአየር ላይ፣ በዚያው ሰዓት ነው የሚቀጠለው፤ ኩሽና ውስጥ አይታረምም። ነገ ደውዬ አስገባታለሁ፣ ትጨርሰው።'" ገጹን ገለጠች። "'ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ዓርብ...'"

"ለምን አላነሳሽም?"

ፓሬሁያ ፊቷ ቀላ። "ስልኩን ነቅዬ ድንች ጆንያ ውስጥ ከትቼው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ስንት ቀን?"

"አንድ ወር።"

የእሱም መዝገብ አንድ ወር ነው። በሥራ ቀን ሁሉ አንድ መስመር፣ ሳይዘል፣ ሳያማርር። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ "ስልኩን ነቅላዋለች መሰለኝ። መብቷ ነው።"

አክስት ኩዊኒ ሳቃቸው መጣ። ለማፈን ቢሞክሩም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ የቅጠል አክሊላቸው ዓይናቸው ላይ ወደቀ። "እሱ አንዴ ቆረጠሽ" አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ "አንቺ አንድ ወር ሙሉ!"

ፓሬሁያም ሳቀች። አፍራም ነበር፣ እጅግ አድርጋ አፍራ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ እሱ በደንቡ እሷ በኩርፊያዋ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማስጨረስ አሥራ አንድ ዓመት አልበቃቸውም። ዘንበል ብላ፣ "አንተ ግትር" አለችው ወደ ሳጥኑ። "እኔም ግትር።"

ያን ዕለት ሜሬያናን ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

"የሞተ ሰው ስሙ ጠፋ ብሎ ይከሳል?"

"ሙት አይከስም፣ አክስቴ። ሕጉ የሚጠብቀው ሕያውን ነው። ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲሁ ነው" አለች ፓሬሁያ። ሜሬያና ግን ያገሬውን ሰው "እንዲሁ ነው" ስለምታውቅ ለነገው ስርጭት ቀይዋን ቁልፍ ልትፈትሽ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የስንብቱ ጸሎት በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ማይክራፎኑ ከሳጥኑ ፊት ቆመ። ሜሬያና በረንዳው ላይ ከመሣሪያዋ ኋላ ተቀምጣ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይዋ ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ላብ በላብ ሆናለች። የሁለት ቀኑ አነጋገር በቀጥታ ስርጭት ከቀጠለ ስንት አቤቱታ እንደሚመጣባት እያሰበች ነበር። የመጀመሪያውን ስድብ ቀድማ፣ ገና ተናጋሪው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ወፏን ለቀቀች። ከመብል አዳራሹ ሬዲዮ የወፍ ዜማ ሲሰማ እዚያ ያሉት ጎል እንደገባ ሁሉ አጨበጨቡ።

በቤቱ ስም ለእንግዳው የሚናገረው ዊሪሃና ነው። ረጅም ነው፣ ጢሙ ነጭ፣ ወግ አዋቂ። ሰላምታውን ጨርሶ ለቄሱ ቦታ ሊለቅ ሲል ፓሬሁያ ከፍራሹ ተነሣች። አክስት ኩዊኒ ቀሚሷን ይዘው ጎተቱ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና ከኋላዋ ገፉዋት።

ዊሪሃና በትሩን ወለሉ ላይ መታ። "እህቴ፣ የሟች ቤተሰብ አይናገርም።"

"አልናገርም" አለች። "የጀመርኩትን ነው የምጨርሰው።"

ማይክራፎኑን ከማቆሚያው ነቀለች። ድምፅዋ ያው የኩሽናዋ ድምፅ ነው።

"የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ደውዬ፣ የወንዙን በር የቆረጠውን አውቀዋለሁ፣ እሱም፣ ብዬ ነበር። እሱም ባሌ ኤሩዌራ ነው። መጋዙን የያዘው እሱ፣ በሲባጎ ያሰረውም እሱ። በትልቁ ኮርቼበት ልናገር ስል ቆረጠኝ፤ ሊያስጨርሰኝ ሲደውል ደግሞ ስልኩን ነቅዬበት ነበር። ዊሪሃና፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው አፍ የከረምከው በእኛ ምክንያት ነው። ይቅር በለን።"

ከዚያ ሰባት ሰከንዱ ሞላና ከአዳራሹ የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ቀጥሎም የጩኸትና የሳቅ ድብልቅ ተሰማ።

"ይቅርታ ትያለሽ?" አለ ዊሪሃና። "ፖሊስ መጋዜን አምስት ወር ይዞ አዝጎ ሲመልስልኝ ምንም አላልኩም። ለምን? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ቢራ በነፃ ስጠጣ ኖሬያለሁ! ጎረምሶቹ 'የበሩ ጀግና' ይሉኝ ነበር! አሁን የልጅ ልጆቼን በምን ዓይኔ ልያቸው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ታማሆ "የጠጣኸውን ቁጠር!" ብሎ ጮኸ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሜሬያና፣ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው፣ የለመደችውን ቃል ከበረንዳው ሆና ሳታስበው ለቀቀችው።

"በስም የተጠራ ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጠው!"

ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። ሳቁ ግን ቀስ በቀስ በረደ።

"ልክ ነሽ" አለች ፓሬሁያ። "ደንብ ነው።"

ሳጥኑ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። ማይክራፎኑን ወደ ኤሩዌራ ከንፈር አስጠጋችው።

"በል" አለችው። "አሁን አንሥቻለሁ። ተናገር።"

ጸጥታው በአየር ላይ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ድንች የሚልጡት ቆሙ፤ ከድልድዩ ማዶ መኪና የሚነዱት መንገድ ዳር ያዙ ሲባል ቆይተን ሰምተናል። ጣቢያ ከአሥር ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ጥፋት ነው፤ የሜሬያና መሣሪያ ላይ ማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። አንዴ አየችው፣ ከዚያ ጣቷን ከቁልፉ አነሣችና ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

ፓሬሁያ ጠበቀች። ከሰኞ ጀምሮ ያልወረደው እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ማይክራፎኑ ከባድ ነበር፤ ክንዷ ዛለ፣ ይርገበገብ ጀመር፣ እሷ ግን ከአፉ አላራቀችውም። ዊሪሃና ይህን ሲያይ በትሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ መጣ። ከጎኗ ተንበረከከና፣ ምንም ሳይል፣ ክርኗን ከሥር ያዘላት።